የራዲዮው ቴፕ ለምን አልወጣም? ያልታተሙ የሮክ ቅጂዎችን መመርመሪያ መንገድ

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ታላላቆቹ የሮክ ባንዶች ለራዲዮ የተጫወቱት ሥራ ብዙ ነው። ከፊሉ በሸክላና በሲዲ ወጥቷል፤ ከፊሉ ዛሬም የሚታወቀው ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ካሴት ብቻ ነው። «ይኼ ለምን በይፋ አልወጣም?» ሲባል ቶሎ የሚሰጠው መልስ «ሪከርድ ኩባንያው ቆልፎበት» የሚል ነው። ለጨዋታ የሚመች መልስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ልክ አይደለም።

አንድን ቅጂ ስትመረምሩ አራት ጥያቄዎችን በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ። ዋናው ቴፕ በሕይወት አለ ወይ? እጃችሁ የገባው የስንተኛ እጅ ቅጂ ነው? ቴፑ ሳይበላሽ ይጫወታል? ባለመብቶቹ እነማን ናቸው፣ ከመካከላቸውስ እሺ ያላለው ማን ነው? ብዙ ሰው ከአራተኛው ይጀምርና ስለ ሕግ ሲከራከር ይውላል። የሚከራከርበት ቴፕ ግን ገና በ1960ዎቹ ተደምስሶ ሌላ ፕሮግራም ተቀድቶበት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ቴፑ አለ ወይ?

በብሪታንያ እንጀምር፤ ክምችቱም ኪሳራውም የበዛው እዚያ ነው። ቢቢሲ በቀን ስንት ሰዓት ሸክላ ማጫወት እንደሚችል የሚገድብ «ኒድልታይም» የሚባል ስምምነት ነበረበት። ስምምነቱ ከሪከርድ ኩባንያዎች ማኅበርና ከሙዚቀኞች ማኅበር ጋር የተደረገ ሲሆን እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ዘልቋል። የቀረውን የአየር ሰዓት ለመሙላት ባንዶች ስቱዲዮ እየተጠሩ ለራዲዮው ብቻ ይቀዱ ነበር። ዛሬ የምንፈልገው የሴሽን (ለራዲዮ ብቻ የተደረገ የስቱዲዮ ቅጂ) ሀብት የተፈጠረው ከዚህ ነው። የቢቢሲው አቅራቢ የጆን ፒል ሴሽኖች ለምሳሌ በተለምዶ በአንድ ቀን ተቀድተው ሚክስ የሚደረጉ (ድምፆቻቸው ተመጣጥነው የሚዋሐዱ) አራት ዘፈኖች ነበሩ።

ችግሩ የሴሽኑ ዓላማ ነበር። ቴፑ የሚቀዳው አንዴ ወይም ሁለቴ እንዲተላለፍ ነው እንጂ ለታሪክ እንዲቀመጥ አልነበረም። የቴፑ ክርም ውድ ነበር። ስለዚህ ከስርጭቱ በኋላ ይደመሰስና ሌላ ይቀዳበታል። ቢትልስ ከ1962 እስከ 1965 ለቢቢሲ 88 የተለያዩ ዘፈኖችን 275 ጊዜ ተጫውተዋል፤ ከዚያ ውስጥ ቢቢሲ ራሱ ያስቀመጠው እጅግ ጥቂት ነበር። ፕሮዲውሰሩ ኬቨን ሃውሌት በ1980ዎቹ ለራዲዮ ዶክመንተሪ ፍለጋ ሲጀምር ብዙው የተሰበሰበው ከአድማጮች የቤት ቴፕና ወደ ውጭ አገር ከተላኩ ሸክላዎች ነው። በይፋ የወጣው ባለ ሁለት ሲዲ አልበም የታተመው በ1994 ማብቂያ ላይ ነው።

ከመደምሰስ ያዳኑን እነዚህ ወደ ውጭ የተላኩት ሸክላዎች ናቸው። የቢቢሲ ትራንስክሪፕሽን አገልግሎት የተመረጡ ፕሮግራሞችን በኤልፒ ሸክላ እያተመ ለሌሎች አገሮች ጣቢያዎች በኪራይ መልክ ይሰጥ ነበር። የኪራዩ ጊዜ ሲያበቃ ጣቢያው ሸክላውን እንዲያጠፋ ወይም እንዲመልስ ይጠበቅበታል። ያላጠፉት ሰዎች ውል አፍርሰዋል፤ የሮክ ታሪክ ግን ባለዕዳቸው ነው። የ1970ዎቹ ኮንሰርት ሸክላ ላይ «ሲኤን» በሚሉ ፊደላት የሚጀምር ቁጥር ካያችሁ በአብዛኛው የዚህ አገልግሎት ሥራ ነው።

ፍለጋውን በወረቀት ጀምሩ። የቢቢሲ ጂኖም ድረ ገጽ የሬዲዮ ታይምስ መጽሔትን የፕሮግራም ዝርዝር ከ1923 እስከ 2009 ይዟል፤ የስርጭት ቀን ከዚያ ይገኛል። ሬዲንግ አጠገብ ካቨርሻም ያለው የቢቢሲ የጽሑፍ መዛግብት ማዕከል ደግሞ የአርቲስት ውሎችንና በየቀኑ አየር ላይ የዋለውን የሚመዘግቡ ወረቀቶችን ያስቀምጣል። መጽሔቱ ይተላለፋል የተባለውን፣ መዝገቡ የተላለፈውን ነው የሚያሳዩት። ሁለቱ ሲጋጩ መዝገቡን እመኑ። የተቀዳበትን ቀንና የተላለፈበትን ቀን ለየብቻ ጻፉ። ሁለቱን ማምታታት አንድን ሴሽን ሁለት አስመስሎ ያስቆጥራል፤ ሰው «የጠፋ ሴሽን» እያለ ዓመታት የሚፈልገው አንዳንዴ በሌላ ቀን ስም እጁ ላይ ያለውን ነው።

በአሜሪካ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። እዚያ ዋናው ምንጭ ለብዙ ጣቢያዎች የሚከፋፈል የኮንሰርት ፕሮግራም ነው። ኪንግ ቢስኪት ፍላወር አወር ብሉድ ስዌት ኤንድ ቲርስን፣ ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራንና ገና ብዙ ሰው የማያውቀውን ብሩስ ስፕሪንግስቲንን ይዞ በየካቲት 1973 ተጀመረ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም በተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ መኪና በብዙ ትራክ (ድምፆቹ ተለያይተው) ይቀዳል፣ ለስርጭት ሚክስ ይደረጋል፣ ከዚያም በሪል ቴፕ፣ በኋላ ደግሞ በሸክላ እየተባዛ ለጣቢያዎች ይላካል። ስለዚህ አንድ ኮንሰርት በአራት መልክ ሊገኝ ይችላል፦ ባለ ብዙ ትራኩ ማስተር (ዋናው ቴፕ)፣ የስርጭቱ ሚክስ፣ የጣቢያው ቅጂ፣ አድማጩ ከራዲዮ ላይ የቀዳው ካሴት። «ቴፑ አለ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ የትኛው እንደሆነ ሳትጠይቁ አትመኑት።

የስንተኛ እጅ ቅጂ ነው?

ሻጭና ሰብሳቢ ሁሉ «ማስተር ነው» ይላል። ድምፁ ግን ራሱ ይመሰክራል፤ ስፔክትሮግራም (የድምፁን ቀጭንና ወፍራም ክልሎች በሥዕል) የሚያሳይ ማንኛውም የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ይበቃል።

ፋይሉን ከፍታችሁ ላይኛውን የድምፅ ክልል ተመልከቱ። የኤፍኤም ስቴሪዮ ስርጭት ከ15 ኪሎኸርዝ በላይ ሙዚቃ አያሳልፍም፤ 19 ኪሎኸርዝ ላይ ደግሞ ተቀባዩን «ይህ ስቴሪዮ ነው» የሚል ቋሚ ምልክት ይልካል። ሙዚቃው 15 ላይ እንደ ግድግዳ ቆሞ 19 ላይ ቀጭን ቀጥ ያለ መስመር ከታየ ቅጂው ከአየር ላይ በኤፍኤም የተያዘ ነው፤ «ማስተር» የሚለው ወሬ እዚያው ያበቃል። መስመሩ ባይኖርም ግድግዳው ብቻውን ይጠቁማል፤ ጥሩ ተቀባዮች መስመሩን ያጣሩታልና። ሙዚቃው 5 ኪሎኸርዝ አካባቢ ከሞተ የመካከለኛ ሞገድ ቅጂ ነው። የቢቢሲ ራዲዮ 1 ዋና ስርጭት ለዓመታት በ247 ሜትር መካከለኛ ሞገድ ስለነበር እንዲህ ያለው ብዙ ነው። ግድግዳው 16 ኪሎኸርዝ ላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለባችሁ ራዲዮውን ሳይሆን ኤምፒ3ን ነው፤ አንድ ሰው መንገድ ላይ ጨምቆ መልሶ አስፍቶታል።

ሁለተኛው ምስክር የአቅራቢው ድምፅ ነው። አቅራቢው በጊታሩ መግቢያ ላይ እየተናገረ ከሆነ ምንጩ የስርጭቱ ቴፕ ወይም የአየር ላይ ቅጂ ነው። ያው መግቢያ ያለ ንግግር ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ወደ ሴሽኑ ቴፕ የቀረበ ነገር አግኝታችኋል ማለት ነው። በአሜሪካ ቅጂዎች ላይ ደግሞ ማስታወቂያ የሚገባበት ክፍተት ይታያል፤ የጣቢያው ሸክላ በክፍል በክፍል የተከፋፈለው ለዚያ ነው።

ሦስተኛው የመብራት ጉርምርምታ ነው፤ ይህን ቀስ ብለን እንየው። የብሪታንያ የኤሌክትሪክ መስመር በ50፣ የአሜሪካው በ60 ኸርዝ ይሠራል፤ ከሁለት አንዱ በቴፑ ሥር ተቀድቶ ይቀራል። ለንደን የተቀዳ ሴሽን ጉርምርምታው 51 ኸርዝ ላይ ከታየ ቴፑ 2 በመቶ ፈጥኖ ነው የተገለበጠው። ይህ 34 ሴንት ያህል፣ ማለትም የግማሽ ድምፅ አንድ ሦስተኛ ነው፤ ዘፋኙ ከወትሮው ቀጠን ብሎ የሚሰማው ለዚህ ነው። ፍጥነቱን በ50/51 አባዝታችሁ ትመልሱታላችሁ። ወጥመዱ የቱ ጋ ነው? ጉርምርምታው የመጨረሻው መገልበጫ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ከመጨረሻው መሣሪያ የመጣው ቀጥ ብሎ 50 ወይም 60 ላይ ይቆማል፤ ከጥንቱ ቴፕ የመጣው ከቴፑ ፍጥነት ጋር ሽቅብ ቁልቁል ይዋልላል። የምትከተሉት የሚዋልለውን ነው። በአንድ ፋይል ላይ 50ም 60ም ከታየ ቅጂው አትላንቲክን ተሻግሯል፤ ጉዞው ራሱ እዚያ ተጽፏል። ቴሌቪዥን አጠገብ የተቀዳ የቤት ቴፕ ደግሞ የመስመር ድምፅ (ቴሌቪዥኑ ምስሉን መስመር በመስመር ሲሥል የሚያሰማውን ሲጥታ) ይዞ ይገኛል፦ በድሮው የብሪታንያ ባለ 405 መስመር ቴሌቪዥን 10,125፣ በባለ 625 መስመሩ 15,625፣ በአሜሪካው ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ደግሞ 15,734 ኸርዝ ነው። ከጉርምርምታው ይልቅ ስለሚቀጥን ለፍጥነት እርማት የተሻለ መለኪያ ነው።

ይህ ሁሉ ከአለመውጣቱ ጋር ምን ያገናኘዋል? ሪከርድ ኩባንያ የሦስተኛ እጅ ካሴት ለማውጣት አይቸኩልም፤ የተሻለው ነገ ሊገኝ ይችላልና። አንዳንዴ ግን ከካሴቱ በቀር ሌላ የለም። በ1969 ሌድ ዜፕሊን ለቢቢሲ የቀዱት አንድ ሴሽን ዋናው ቴፕ ጠፍቶ ቀርቷል። በውስጡ «ሰንሻይን ዉማን» የሚባል በሌላ አልበማቸው ያልወጣ ዘፈን ነበረበት። በ1997 የወጣው የቢቢሲ ስብስባቸው አልያዘውም፤ አንድ አድማጭ ከራዲዮ ላይ የቀዳው ቅጂ ተገኝቶ በ2016ቱ የተሟላ እትም ገባ። በመካከል ያለፉትን 19 ዓመታት በሪከርድ ኩባንያው ላይ ብቻ ማላከክ አይቻልም።

ቴፑ ይጫወታል ወይ?

ዋናው ሪል ተገኝቶ እንኳ ለሕትመት የማይደርሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ማጫወት የመጨረሻው ሊሆን ስለሚችል ቴፕ አግኝቶ ወዲያው ማጫወቻ ላይ መስቀል ትልቁ ስህተት ነው።

መጀመሪያ ክሩ ከምን እንደተሠራ ለዩ። ሪሉን ወደ ብርሃን አንሡና በጎኑ ተመልከቱ። ጥቅሉ ብርሃን ካሳለፈ አሲቴት ነው፤ ጥቁር ሆኖ ከታየ በአብዛኛው ፖሊስተር ነው። አሲቴት ሲበጠስ እንደ ደረቅ ቅጠል ጥርት ብሎ ይቆረጣል፤ ፖሊስተር ግን ተለጥጦ ይቀጥናል። ሳጥኑ ሲከፈት የኮምጣጤ ሽታ ከመጣ አሲቴቱ መበስበስ ጀምሯል። ለብቻው በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፤ ወደ ሌሎቹ ይዛመታል።

ቀጥሎ መጣበቅ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩ አንዳንድ ቴፖች፣ በተለይ ጀርባቸው ጥቁር ሽፋን ያላቸው አምፔክስ 406 እና 456፣ ስኮች 226 እና 250፣ ማጣበቂያቸው ከአየር እርጥበት እየሳበ ይፈርሳል። ሲጫወቱ ሲጥጥ ይላሉ፣ ሄዱ (ቴፑን የሚያነበው የማጫወቻው ክፍል) ላይ ቡናማ ዝቃጭ ይተዋሉ፣ ከዚያ ይቆማሉ። ዝቃጩ ሙዚቃው ራሱ ነው፤ ሲጥታ እንደሰማችሁ አቁሙ። አስገራሚው ነገር የ1960ዎቹ ቴፕ ከ1970ዎቹ መጨረሻው ይልቅ ያለ ችግር የሚጫወትበት ጊዜ መብዛቱ ነው።

ለዚህ የሚደረገው ማሞቅ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ክሩ አሲቴት አለመሆኑን ደግማችሁ አረጋግጡ። አሲቴት ከሞቀ ይጠማዘዛል፤ መመለሻ የለውም።
2. ከካርቶን ሳጥኑ አውጡ። በሳጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ፣ የተሰረዘውንም ጭምር፣ ፎቶ አንሡ።
3. ሙቀቱን 54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የሚያጸና የላቦራቶሪ ምድጃ ወይም ሙቀቱ በቴርሞሜትር የተረጋገጠ ማራገቢያ ያለው የምግብ ማድረቂያ ተጠቀሙ። የወጥ ቤት ምድጃ ሙቀቱ ይዋዥቃል፣ የጋዙ ደግሞ እርጥበት ያመነጫል። ማይክሮዌቭ ጨርሶ አይታሰብ።
4. ለሩብ ኢንች ክር 8 ሰዓት ያህል አቆዩት፤ መሐል ላይ በሌላው ጎኑ አዙሩት። ሰፊ ክር ከዚያ በላይ ይፈልጋል።
5. እስኪቀዘቅዝ ቢያንስ የሞቀበትን ያህል ሰዓት ተዉት፤ ከዚያ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ፋይል ቅዱት። ፈውሱ ጊዜያዊ ነው፤ እርጥበቱ ይመለሳል።

ቴፑ ወደ ፋይል ሲገለበጥ የሚበላሸው በአብዛኛው ኢኩዋላይዜሽኑ (የቤዝና የቀጭን ድምፅ ሚዛኑ) ነው። የአውሮፓ ስቱዲዮዎች አይኢሲ በሚባለው፣ የአሜሪካ ስቱዲዮዎች ናብ በሚባለው የሚዛን ልክ ይቀዱ ነበር። የለንደን ቴፕ በ15 ኢንች በሰከንድ ናብ ላይ በተስተካከለ ማሽን ሲጫወት ቤዙ ይሳሳል፣ ላይኛው ክፍል ይጮኻል። «የቢቢሲ ድምፅ ቀጭን ነው» የሚለው አፈ ታሪክ የተወሰነው ክፍል ከዚህ የመጣ ይመስለናል። በሙሉ ስፋት የተቀዳ የሞኖ ቴፕ በስቴሪዮ ሄድ ከተነበበና ሁለቱ ጎኖች የሄዱ አዚመዝ (ከቴፑ ጋር ያለው ማዕዘን) ሳይስተካከል ከተደመሩ ሲምባሉ ይጠፋል። አዚመዙን ለየቴፑ፣ አንዳንዴም ለየተቀጠለው ክፍል፣ በጆሮና በሜትር አስተካክሉ። ቴፑ መግቢያ ላይ የዶልቢ ቶን (በዶልቢ ሽሽታ መቀነሻ መቀዳቱን የሚያመለክት ድምፅ) ካለው ያለ ዶልቢ ኤ መፍቻ አትገልብጡ። ፋይሉን በ96 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ያዙ።

ማን ነው እሺ ያላለው?

አንድ የራዲዮ ቅጂ ላይ ቢያንስ አራት መብቶች ተደራርበው ይቀመጣሉ፦ የዘፈኑ ድርሰት፣ የከዋኞቹ መብት፣ የድምፅ ቅጂው ባለቤትነትና ስርጭቱ ራሱ። ሰው የሚሳሳተው አንዱ ሲያበቃ ሁሉም ያበቃ ሲመስለው ነው። በብሪታንያ ሕግ የስርጭት መብት ከተላለፈበት ዓመት ማብቂያ ጀምሮ 50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ በሚያዝያ 1971 የተላለፈ ኮንሰርት የስርጭት መብቱ በ2021 ማብቂያ ላይ አልቋል። ድርሰቱ፣ ከዋኞቹና ቅጂው ግን የራሳቸው ዕድሜ አላቸው። ጀርባው ላይ «ከራዲዮ ስርጭት የተወሰደ፣ ሕጋዊ» የሚል የታተመበት ሲዲ ስታዩ ይህን አስታውሱ። ብዙ ጊዜ የተከፈለው የድርሰቱ ብቻ ነው፤ ባንዱ ፈቃድ አልተጠየቀም።

ጣቢያው ለባንዱ የከፈለው ለአየር ነው እንጂ ለገበያ አይደለም። የድሮው የቢቢሲ የሴሽን ውል ስርጭትንና የተወሰነ ድጋሚን ይሸፍናል፤ ሸክላ አትሞ መሸጥ አዲስ ድርድር ይጠይቃል። ባንዱ በወቅቱ ከሪከርድ ኩባንያ ጋር ብቸኛ ውል ስላለው ኩባንያውም እሺ ማለት አለበት። ስለዚህ ቢቢሲ ቴፑን ይዟል፣ ኩባንያው ባንዱን ይዟል፤ አንዱ ያለ ሌላው አያወጣም። ብዙ የሪከርድ ውሎች በተጨማሪ አርቲስቱ ያንኑ ዘፈን ለተወሰኑ ዓመታት ለሌላ እንዳይቀዳ ይከለክላሉ፤ ኩባንያ ሲቀያይር የኖረ ባንድ ከሁለትና ከሦስት ቦታ ፊርማ መለመን አለበት። በዚያ ምሽት መድረክ ላይ የወጣ እንግዳ ጊታሪስት ካለ የእሱም ኩባንያ ይጨመራል።

በአውሮፓ አንድ ቀን ነገሩን ቀይሮታል፤ 1 ኅዳር 2013። በ2011 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ጥበቃውን ከ50 ወደ 70 ዓመት ሲያራዝም በ50 ዓመት ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ያልታተመና ለሕዝብ ያልቀረበ ቅጂ ግን ማራዘሚያውን እንዳያገኝ አደረገ። በሬዲዮ መተላለፍ «ለሕዝብ መቅረብ» ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ጠበቆች ግን በዚህ መወራረድ አይወዱም። ለዚህም ነው በታኅሣሥ 2013 በርካታ የቢቢሲ ቅጂዎችን የያዘ ባለ 59 ዘፈን የቢትልስ ስብስብ ያለ ብዙ ማስታወቂያ በአይቲዩንስ ላይ ብቅ ያለው። አንድ ቅጂ 50 ዓመቱን ሊደፍን ሲል በዓመቱ መጨረሻ ሳምንታት ድንገት ከወጣ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ።

በአሜሪካ መስመሩ 15 የካቲት 1972 ነው። ከዚያ በፊት የተቀዳ ድምፅ ለረጅም ጊዜ በፌደራል ሕግ ሳይሆን በየግዛቱ ሕግ ነበር የሚጠበቀው። በ2018 የወጣው የሙዚቃ ማዘመኛ ሕግ ወደ ፌደራል ጥበቃ አስገባው፤ ከ1957 ወዲህ እስከዚያች ቀን ለተቀዳው ጥበቃው እስከ 15 የካቲት 2067 ይዘልቃል። ከ1994 ጀምሮ ደግሞ ያለ ከዋኙ ፈቃድ ኮንሰርት መቅዳትና ማባዛት በፌደራል ሕግ የተከለከለ ነው። «አሜሪካ ውስጥ የቆየ ስለሆነ ነፃ ነው» የሚለው ወሬ ውሃ አያነሳም።

ቴፕ መግዛት መብት መግዛት እንዳልሆነ ከኪንግ ቢስኪት ታሪክ በላይ የሚያሳይ የለም። ክምችቱ በ2006 ለዎልፍጋንግስ ቮልት ተሸጠ፤ ኩባንያው ቀድሞም የኮንሰርት አዘጋጁን የቢል ግሬሃምን ክምችት ይዞ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሌድ ዜፕሊንን፣ ግሬትፉል ዴድን፣ ዶርስንና ሳንታናን ያካተቱ አርቲስቶች ከሰሱት። በ2015 የድርሰት ባለመብቶች የሆኑት ፐብሊሸሮች ሌላ ክስ አነሱ፤ የፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2022 የዘፈን የግዴታ ፈቃድ (ባለመብቱ ሊከለክለው የማይችለው፣ በሕግ የሚሰጥ ፈቃድ) የኮንሰርት ቪዲዮን እንደማይሸፍን ወሰነ። ሪሎቹ መደርደሪያ ላይ በሥርዓት ተቀምጠው ነበር፤ ጎዶሎው ወረቀቱ ነበር።

የድርሰቱ ሒሳብ ደግሞ ትንሽ ይመስላል፤ ረጃጅም ኮንሰርት ላይ ግን ይቆነጥጣል። በአሜሪካ በ2023 የተተመነው የሜካኒካል ክፍያ (ዘፈኑ ሲባዛ ለድርሰቱ ባለመብት የሚከፈለው) በአንድ ቅጂ ለአንድ ዘፈን 12 ሳንቲም ነበር፤ ዘፈኑ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ግን በየደቂቃው 2.31 ሳንቲም ይታሰባል። ባለ 23 ደቂቃ ጃም (ባንዱ መድረክ ላይ እየፈጠረ የሚያረዝመው ጨዋታ) ብቻውን 53 ሳንቲም ደረሰ ማለት ነው። በዚያ ጃም መሐል ባንዱ የሌላ ሰው የብሉዝ ዘፈን ሁለት ስንኝ ቢጫወት ክፍያው ይከፋፈላል፤ ድርሻው ስንት ነው የሚለው ደግሞ ለብቻው ድርድር ነው። የሌድ ዜፕሊን የ1 ሚያዝያ 1971 የለንደኑ ፓሪስ ቲያትር ኮንሰርት ላይ ያለው ረጅም ሜድሊ (የተያያዙ ዘፈኖች) በ1997ቱ እትም አጥሮ ነው የወጣው። በብሪታንያ ለሸክላና ለሲዲ ለረጅም ጊዜ የተለመደው ተመን ለነጋዴ ከሚሸጥበት ዋጋ 8.5 በመቶ ስለነበር ርዝመቱ ያን ያህል አያስፈራም ነበር። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው በየትም ታትሞ የማያውቅ ዘፈን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ዘፈን የግዴታ ፈቃድ የለም፤ ደራሲው ወይም ወራሹ «አይሆንም» ካለ አይሆንም። ሰብሳቢ አብልጦ የሚመኘውን ዘፈን ሕጉም አብልጦ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚህ ሁሉ ተሟልተው የሚቀረው እምቢታ የባንዱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ትክክለኛው መልስ እሱ ነው። ዘፋኙ ጉንፋን ይዞት ነበር፣ ጊታሩ ከቅኝቱ ወጥቶ ነበር፣ የሄደው አባል ከቀሩት ጋር አይነጋገርም፣ ወራሾቹ ድርሻ ላይ አልተስማሙም። አለዚያ ደግሞ ቅጂውን ለትልቅ የመታሰቢያ ሳጥን እያቆዩት ነው። አርቲስቱ ራሱ በሩን ሲከፍት ነገሩ ምን ያህል እንደሚፈጥን ከስፕሪንግስቲን እዩ። በ1978ቱ ጉዞ አምስት ኮንሰርቶች በራዲዮ ተላለፉ፤ ሁሉም ለአሥርተ ዓመታት በቡትሌግ (ያለ ፈቃድ በታተመ ቅጂ) ሲሸጡ ኖሩ። የራሱን የኮንሰርት ማውረጃ አገልግሎት ሲከፍት የክሊቭላንዱ አጎራ ኮንሰርት በታኅሣሥ 2014 በይፋ ወጣ።

ቅጂ በእጃችሁ ካለ

ዋናው ያልተገኘለት ቅጂ በእጃችሁ አለ እንበል። ሙሉውን ኢንተርኔት ላይ አትልቀቁት። ድርድር ላይ ያለ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ «አዲስ ነው ወይ?» የሚል ነው፤ ከተለቀቀ በኋላ መልሱ ይለወጣል። የምትጽፉት ደብዳቤ ለባንዱ ማኔጀር ወይም ለሪከርድ ኩባንያው የነባር ሥራዎች ክፍል ይሂድ፤ የቢቢሲ ከሆነ ለንግድ ክንፉ ለቢቢሲ ስቱዲዮስም ግልባጭ ይድረስ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የፕሮግራሙ ስም፣ የተቀዳበትና የተላለፈበት ቀን፣ የዘፈኖቹ ዝርዝር ከነደቂቃቸው፣ ክሩ ወይም ሸክላው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ በየትኛው መሣሪያና በምን ፍጥነት እንደተቀዳ፣ የሳጥኑ ፎቶ፣ ከመሐል የተወሰደ የ30 ሰከንድ ናሙና። ዋጋ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አትጥሩ። ያላችሁ ፕላስቲክና ብረት ብናኝ ነው፤ ሙዚቃው የሌላ ሰው ነው።

የምታስረክቡት ፋይል ያልተነካ ይሁን። ሽሽታውን ማጥፋት፣ ፍጥነቱን ማረም፣ ድምፁን ከፍ ማድረግ ካማራችሁ በሌላ ቅጂ ላይ ሞክሩት። በተለይ ከሽሽታ ማጥፊያ ራቁ፤ ከሽሽታው ጋር የሲምባሉን ጭራና ያን የሚዋልል 50 ኸርዝ ይወስደዋል፤ መሐንዲሱ ፍጥነቱን የሚያርምበት ሌላ መለኪያ ላይኖረው ይችላል። የአቅራቢውን ንግግር፣ የሰዓት ምልክቱን፣ ከዘፈኑ በኋላ የጀመረውን የሌላ ፕሮግራም ሦስት ሰከንድ ሳይቀር ተዉት። የስርጭቱን ቀን የሚያረጋግጠው ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ ከዘፈኑ በኋላ የተሰማው የዜና አርዕስት ሳጥኑ ላይ በእስክሪብቶ ከተጻፈው ቀን የበለጠ ይታመናል።